አንድ ድርሰት በሁለት ሸክላ

ሰው የተናገረው በጽሕፈት፣ የሠራውም በሐውልት ሲታሰብ ይኖራል፤ ድምፅ ግን ከአፍና ከመሣሪያ እንደ ወጣ ከነፋስ ጋር ያልፍ ነበር። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሶን በ1877 ዓ.ም. ድምፅን የሚይዘውን መኪና ከሠራ ወዲህ ይህ የጥንት ሕግ ተሻረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።) ይሁን እንጂ ሸክላ ከሙዚቃ ምን ይዞ እንደሚቀር፣ ምንስ ጥሎ እንደሚያልፍ ብዙ ሰው አይመረምርም። እኔም ሁለት ሸክላዎች እስኪጣሉብኝ ድረስ አልመረመርሁም ነበር።

አንደኛው ሸክላ የአጎቴ ነው። አጎቴ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በሌኒንግራድ፣ ይኸውም ዛሬ ወደ ጥንት ስሟ ተመልሳ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው ከተማ፣ ምህንድስና ተምረው ሲመለሱ ከመጻሕፍታቸው ጋር ብዙ ሸክላዎችን ይዘው መጡ። ሁሉም «ሜሎዲያ» የተባለው፣ በ1964 የተቋቋመው የሶቪየት መንግሥት የሸክላ ድርጅት ያሳተማቸው ናቸው። ከነዚህም መካከል ቻይኮቭስኪ የደረሰው «የ1812 ኡቨርቱር»፣ ማለትም የመክፈቻ ሙዚቃ፣ ይገኝ ነበር። በልጅነቴ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ አጎቴ ይህን ሸክላ ያጫውቱልን ነበር። ወደ መጨረሻው ደወሉ ሲደወል፣ መድፉም ሲያገሣ፣ ሲኒዎቹ በረከቦቱ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። አክስቴ በየጊዜው ይቈጡ ነበር፤ አጎቴም በየጊዜው «አሁን ያልቃል» ይሏቸው ነበር። እኔ ድርሰቱን ከነድምፁ በቃሌ ይዤው አደግሁ።

ሁለተኛውን ሸክላ ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት በመርካቶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ነው። የአሜሪካ ሥራ ነው፤ አንታል ዶራቲ የተባለው ሀንጋሪ ተወላጅ የኦርኬስትራ መሪ በ1954 የሚኒያፖሊስን ኦርኬስትራ እየመራ ያስቀረጸው ነው። ወደ ቤት ወስጄ ሳጫውተው እስከ ፍጻሜው አካባቢ ድረስ የማውቀው ድርሰት ነበር። ነገር ግን የነሐስ መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድነት ድሉን የሚያውጁበት ቦታ ሲደርስ ፈጽሞ የማላውቀው ዜማ መጣ። መርፌውን አንሥቼ ደግሜ አስቀመጥሁት፤ ያው ነው። በማግሥቱ ለአጎቴ ወስጄ አሰማኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ይህ ስሕተት ነው፤ አሜሪካኖች የራሳቸውን ጨምረውበት ይሆናል» አሉኝ። ታላቅን መቃወም ነውር ስለ ሆነ ዝም አልሁ፤ ነገሩን ግን መከታተል ጀመርሁ።

ቻይኮቭስኪ ይህን ኡቨርቱር የጻፈው በ1880 ነው። ምክንያቱም ናፖሌዎን በ1812 ሩሲያን ወርሮ ሠራዊቱን በበረዶ ላይ በትኖ የተመለሰበትን ዘመን ለማስታወስ ነበር። ለዚሁ ድል መታሰቢያ በሞስኮ ከተማ የመድኀኔ ዓለም ካቴድራል ይሠራ ነበር፤ በ1882 በዚያው ከተማ የኢንዱስትሪና የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ተከፈተና ድርሰቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ተሰማ። አሠራሩ ለማንም ግልጽ ነው። ሲጀምር ቼሎና ቪዮላ ብቻቸውን የቅዱስ መስቀልን ጸሎት በቀስታ ያሰማሉ፤ ቀጥሎ የፈረንሳዮች ጦር ማርሴዬዝ በተባለው መዝሙር እየታጀበ ይገባል፤ የሩሲያም ገበሬ ዘፈን ይመልስለታል፤ በመጨረሻ ጦርነቱ ሲያልቅ «እግዚአብሔር ንጉሡን ይጠብቅ» የተባለው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት መዝሙር በመድፍና በደወል መካከል ከፍ ብሎ ይሰማል። እኔን ያስደነገጠኝ ዜማ እንግዲህ ይህ ነበር። የጨመሩት አሜሪካኖች ሳይሆኑ ራሱ ደራሲው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ይህን የንጉሥ መዝሙር አሌክሲ ልቮፍ የተባለው ሰው የደረሰው በ1833 ነው። ስለዚህ ናፖሌዎን ከሞስኮ ሲባረር መዝሙሩ ገና አልተወለደም ነበር፤ በ1812 ዓ.ም. የተዋጋ ወታደር ይህን ድርሰት ቢሰማ የድሉን መዝሙር ባላወቀው ነበር። ቻይኮቭስኪም ቢሆን ድርሰቱን እንደ ታላቅ ሥራው አልቈጠረውም። ትረዳው ለነበረችው ለናዴዥዳ ፎን ሜክ በጻፈላት ደብዳቤ፣ ድርሰቱ ጩኸት የበዛበት እንደ ሆነና ያለ ብርቱ ፍቅር እንደ ጻፈው ገልጾላት ነበር። ደራሲ የናቀውን ሥራ ሕዝብ ሲያከብር ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

በ1917 አብዮት ዙፋኑ ወደቀ፤ የዙፋኑም መዝሙር ከአዳራሽና ከአደባባይ ተወገደ። የ1812 ኡቨርቱር ግን ሕዝብ የሚወደው፣ በወራሪ ላይ የተገኘውንም ድል የሚያከብር ስለ ሆነ መጣል አልተቻለም። ስለዚህ ቪሳሪዮን ሼባሊን የተባለው የሶቪየት የሙዚቃ ደራሲ ድርሰቱን አረመው፤ የንጉሡ መዝሙር የነበረበትን ስፍራ አውጥቶ ሚኻይል ግሊንካ ከደረሰው ኦፔራ የተወሰደ የክብር መዝሙር አገባበት። አጎቴ በሌኒንግራድ የሰሙት፣ እኔም በቡና ሰዓት ያደግሁበት ይህ ነው። ነገሩን በጣም የሚያስደንቀው ደግሞ ግሊንካ በ1836 ያን ኦፔራ ሲያቀርብ ስሙ «ሕይወት ለንጉሡ» መባሉ ነው፤ የመጀመሪያውን የሮማኖፍ ንጉሥ ለማዳን ራሱን ለሞት አሳልፎ የሰጠውን ገበሬ ታሪክ የሚናገር ነው። የሶቪየት መንግሥት በ1939 ይህንኑ ኦፔራ አዲስ ቃል አስጽፎለት በገበሬው ስም «ኢቫን ሱሳኒን» ብሎ አወጣው። እንግዲህ የንጉሡ ዜማ ወጥቶ ለንጉሥ ከተዘፈነ ኦፔራ የተወሰደ ዜማ ተተካ ማለት ነው።

እኔ በሥራዬ ከመዝገብ ጋር የምውል ሰው ነኝ። በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ተሰርዞ በላዩ ሌላ ሲጻፍ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሣ ሰው የፊተኛውን ቀለም ከሥር ያየዋል። በዚህም ድርሰት የሆነው እንዲሁ ነው። የመስቀሉ ጸሎት ቃል የሌለበት ዜማ ሆኖ በመጀመሪያው ላይ እንደ ነበረ ቀረ። ያ መታሰቢያ ካቴድራል ግን በ1931 በፈንጂ ፈረሰ፤ በስፍራውም ኋላ የዋና ገንዳ ተሠራበት። የሶቪየት መንግሥት ካለፈ በኋላ እንደ ገና ታንጾ በ2000 ተባረከ። የንጉሡም ዜማ ወደ ድርሰቱ ተመልሷል።

ታዲያ የመርካቶው ሸክላ እውነተኛው ነው ልንል ነውን? ዜማውስ የደራሲው ነው። ነገር ግን ያ ሸክላ እንዴት እንደ ተሠራ ሳነብብ አንድ ነገር አስገረመኝ። ኦርኬስትራው የተጫወተው በሚኒያፖሊስ ነው። መድፉ የተተኰሰው ከዚያ እጅግ ርቆ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ነው፤ እርሱም በፈረንሳይ አገር የተሠራ የነሐስ መድፍ ነው። ደወሉም በኒው ሄቨን ከተማ ከሚገኘው የዬል ዩኒቨርሲቲ ግንብ የተቀዳ ነው። ደራሲው በኖታው ላይ 16 የመድፍ ተኩስ አዝዟል፤ የአንዱ መድፍ ድምፅ በቴፕ ላይ እየተደጋገመ በየቦታው ተተከለ። ሦስቱ በአንድ አዳራሽ ሳይገናኙ በአንድ ሸክላ ላይ ተገናኙ። ይህን ያህል ድካም የተደከመው ደራሲው የጻፈውን ሳይጐድል ለመፈጸም ነው፤ ውጤቱ ግን በየትኛውም ስፍራ፣ በየትኛውም ቀን ያልተደረገ ጨዋታ ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሎቹን የሩሲያ ሸክላዎች በጥርጣሬ አዳምጥ ጀመር። ሙዚቃን የሚያርመው መንግሥት ብቻ አለመሆኑን፣ ሸክላውም ራሱ አራሚ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን እስከ ገባበት እስከ 1925 ድረስ ኦርኬስትራ የሚቀረጸው በአንድ ትልቅ ቀንድ ፊት ተጠጋግቶ በመቀመጥ ነበር፤ የኮንትራባስ ድምፅ ወደ ቀንዱ ስለማይደርስ ብዙ ጊዜ ቱባ ይተካው ነበር። ማይክሮፎን ከመጣም በኋላ የጊዜ ጥበት አልቀረም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ፣ ትልቁ እንኳ፣ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። የሚሠራውም በእስያ አገር በዛፍ ላይ ከሚኖር ጥቃቅን ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነበርና ሲወድቅ እንደ ገል ይሰባበራል፤ በአገራችን ሸክላ መባሉ እጅግ ተስማምቶታል።

በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ከገቡት ሁሉ ሰርጌይ ራኽማኒኖፍን የሚያህል ምስክር የለም። ራኽማኒኖፍ በ1917 መጨረሻ ከቤተሰቡ ጋር ከሩሲያ ወጣ፤ ርስቱም ሀብቱም በዚያ ቀረ። ድርሰት ብቻውን እንጀራ ስለማይሆን በአሜሪካ አገር በፒያኖ ተጫዋችነት ኑሮውን ጀመረ፤ ሸክላም ማስቀረጽ አንዱ መተዳደሪያው ሆነ። በ1929 ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በሚመራው በፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ታጅቦ ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶውን አስቀረጸ። ድርሰቱ በዐሥር ገጽ ተከፋፍሎ ወጣ፤ ሰሚው ዜማው ሲግል እየተነሣ ሸክላ መገልበጥ ነበረበት። ሦስተኛውን ኮንሰርቶ ደግሞ በ1939 እና በ1940 በዩጂን ኦርማንዲ መሪነት ሲያስቀርጽ ከገዛ ድርሰቱ ብዙ ቦታ ቈርጦ አስቀረ። ይህን ያደረገው ስለ ሸክላው ጥበት ብቻ አይደለም፤ በአዳራሽም ሲጫወት ይቈርጥ ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ ተጫዋቾች ሙሉውን ይጫወቱታል፤ ደራሲው ለጣቶቹ እንኳ የራራለትን ያህል አይራሩለትም።

የራኽማኒኖፍን ጨዋታ ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ ለሚሰማ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ሌሎቹ በልቅሶ ቀስ ብለው የሚያልፉበትን ስፍራ ደራሲው ቸኵሎ ያልፈዋል። ስለ አገሩ የሚያለቅስ ስደተኛ እየተባለ በብዙ የተጻፈለት ሰው፣ በራሱ እጅ ሲጫወት እንደ ዳኛ ደረቅ ነው። ይህን ኖታ አይናገርም፤ ኖታው ላይ ያለው ነጠብጣብና መስመር ብቻ ነው። ይህን የያዘልን ያ የሚሰባበረው ሙጫ ነው፤ ለእኔ ከሸክላ ሁሉ ጥቅም ይህ ይበልጥብኛል።

በ1931 ራኽማኒኖፍ የሶቪየትን መንግሥት በሚነቅፍ፣ በኒው ዮርክ ጋዜጣ በወጣ ደብዳቤ ላይ ስሙን ስላኖረ፣ ሥራው በአገሩ ለጥቂት ዓመታት እንዳይሰማ ተከለከለ። ይሁን እንጂ በ1941 የጀርመን ጦር ሩሲያን ሲወር በአሜሪካ ካደረገው ጨዋታ ያገኘውን ገንዘብ ለቀይ ጦር ቁስለኞች ሰጠ። በመጋቢት ወር 1943 በካሊፎርንያ ሞተ።

ከሞተ በኋላ የሆነው ደግሞ ሸክላ ሁሉን እንደማያድን ያሳየናል። ራኽማኒኖፍ በወጣትነቱ የጻፈው የመጀመሪያው ሲምፎኒ በ1897 በፒተርስበርግ ሲሰማ በኀፍረት ወድቆ ነበር፤ ደራሲውም ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ብዕሩ ተሳሰረበት። ሲምፎኒውን ዳግመኛ እንዲጫወቱት አልፈቀደም፤ ዋናው ጽሑፍም ጠፋ። ማንም ያልቀረጸው ድምፅ ስለ ሆነ ፈጽሞ የጠፋ ይመስል ነበር። ነገር ግን በሌኒንግራድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የየተጫዋቹ ወረቀት፣ ማለት ለቫዮሊኑ፣ ለዋሽንቱ፣ ለከበሮው ለየብቻ የተጻፈው፣ ሳይነካ ተቀምጦ ተገኘ። ከነዚያ ወረቀቶች ሙሉው ድርሰት እንደ ገና ተሰፍቶ በ1945 በሞስኮ በአሌክሳንደር ጋውክ መሪነት ተሰማ። በወደቀ ድርሰት ላይ ወረቀቱን ሳያቃጥል በመደርደሪያ ያኖረውን የዚያን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስም ማንም አልጻፈልንም።

የዲሚትሪ ሾስታኮቪች አራተኛ ሲምፎኒ ታሪክም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። «ፕራቭዳ» የተባለው የፓርቲው ጋዜጣ በ1936 መጀመሪያ የሾስታኮቪችን ኦፔራ በብርቱ ቃል ነቀፈ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነቀፋ ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን ከዚያም የከፋ ሊያስከትል ይችል ነበር። ሾስታኮቪች በዚያው ዓመት አራተኛውን ሲምፎኒ ጨርሶ ኦርኬስትራው እየተለማመደው ሳለ ደራሲው መልሶ ወሰደው። ዋናው ጽሑፍ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ፤ ይህም ከየተጫዋቹ ወረቀት ተለቅሞ ተመለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ታኅሣሥ መጨረሻ 1961 በሞስኮ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ኖረ ማለት ነው። የመራው ኪሪል ኮንድራሺን ነበር።

ይኸው ኮንድራሺን ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ምክንያት ስሙ በአሜሪካ ገኖ ነበር። በ1958 በሞስኮ በቻይኮቭስኪ ስም በተደረገው የመጀመሪያው የፒያኖ ውድድር፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ የቴክሳስ ልጅ ቫን ክላይበርን አሸነፈ፤ ሁለቱ መንግሥታት በጠላትነት ይተያዩ በነበረበት ጊዜ ነው። ሲመለስ ኒው ዮርክ እንደ ድል አድራጊ የጦር መሪ በአደባባይ ሰልፍ ተቀበለችው። ኮንድራሺንም ወደ አሜሪካ ሄዶ የቻይኮቭስኪን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንሰርቶ አብረው አስቀረጹ። ያ ሸክላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በመሸጥ በዚህ ዐይነት ሙዚቃ የመጀመሪያው ሆነ። ኮንሰርቶውም ቢሆን መጀመሪያ በ1875 የተሰማው በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ነበር፤ በሞስኮ የነበረው ኒኮላይ ሩቢንሽታይን ደራሲው በፒያኖ ሲያሰማው አጥላልቶት ነበርና።

ስለ አጎቴ ሌሎች ሸክላዎች ብዙ አልናገርም። ነገር ግን የቭጌኒ ምራቪንስኪን ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ምራቪንስኪ ከ1938 እስከ 1988 ድረስ ለሃምሳ ዓመት የሌኒንግራድን ፊልሃርሞኒክ የመራ ሰው ነው። በ1960 ከኦርኬስትራው ጋር ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሄዶ በሎንዶንና በቪየና የቻይኮቭስኪን አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ሲምፎኒዎች ለአንድ የጀርመን ድርጅት አስቀርጿል። በነዚህ ሸክላዎች ላይ የሩሲያ የነሐስ መሣሪያ ድምፅ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይርገበገባል፤ የጀርመንና የእንግሊዝ ተጫዋቾች እንዲህ አይነፉም። (የሩሲያን የነሐስ መሣሪያ አገራችንም ታውቀዋለች፤ ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒቆላስ 2ኛ ለዐፄ ምኒልክ በስጦታ ልከው ነበር።) ድንበሩ ከተከፈተ፣ ተጫዋቾቹም ከአገር ወደ አገር መዘዋወር ከጀመሩ ወዲህ የኦርኬስትራዎች ድምፅ እየተቀራረበ መጥቷል። ያ የሚርገበገብ ነሐስ ዛሬ በአዳራሽ ከሚሰማው ይልቅ በሸክላ ላይ የሚሰማው ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ከሰበሰብሁ በኋላ ባለፈው የገና ሰሞን አጎቴ ቤት ሄድሁ። ስለ ንጉሡ መዝሙር፣ ስለ ሼባሊን እርማትና ስለ ግሊንካ ኦፔራ በትሕትና ነገርኋቸው። የመርካቶውንም ሸክላ ይዤ ሄጄ ነበርና ሁለቱን በተራ አጫወትናቸው። አጎቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። እንዳስቀየምኋቸው መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስዘጋጅ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ በምንማርበት ጊዜ የተማሪዎቹን ማደሪያ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ይህን ሸክላ በክፍሌ ሳጫውት በኮሪደሩ እየጠረጉ ያልፋሉ። እዚህ፣ ደወሉ ጋ ሲደርስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ ነገር ያንጐራጕሩ ነበር። ዜማውን የሳቱ መስሎኝ ከጓደኞቼ ጋር እንስቅባቸው ነበር።»

ከዚያም ተነሥተው የአሜሪካውን ሸክላ መርፌ ወደ መጨረሻው መለሱት።